የተኛው ሳይጠየቅ

ታናሽ ወንድሜ ወንበሬን ያሞገሰ ዕለት ነው መሞቻዬ መቅረቡ የገባኝ።

ወንበሩ የሚሞገስ አልነበረም። አንዱን እግሩን ሆን ብዬ አሳጥሬዋለሁ። ሰው ሲቀመጥበት ቋ ይላል፣ ሲነሣም ቋ ይላል። ወንድሜ ተቀመጠበት፣ ወንበሩም ቋ አለ፣ እሱ ግን ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ «ጋሼ፣ እጅህ እኮ የተባረከ ነው» አለኝ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእጄ ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ አለዚያ በሽተኛ ነው፣ መነጫነጭ ልማዱ ነው ትሉኛላችሁ።

እኔ አናጺ ነኝ። የእንጨት ሥራ ቤቱን የከፈተው አባታችን ነበር። እሱ ሲያርፍ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን ጥዬ መላጊያውን አነሣሁ። ታናሼ ግን ይማር ተባለ፣ ተማረ። የተማረው እኔ በላግሁት እንጨት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም፣ ማንም ደግሞ አያነሣውም። ተምሮ ቢሮ ገባ፣ ክራባት አሰረ። ጋሼ ይለኝ የነበረው ተማሪ እስከነበረ ድረስ ነው። ክራባቱ ከመጣ ወዲህ «አንተ» ሆንኩ፣ ሰው ፊት ደግሞ «እሱ»።

«እሱ አይገባውም።» ወንድሜ በእኔ ላይ የሚያውቃት ቋንቋ ይህቺ ናት። የሥራ ውል ሲመጣ፣ «ለእኔ ስጡኝ፣ እሱ አይገባውም።» በሠርጉ ቀን ትልልቆቹ ተሰብስበው ሲያወሩ እኔም አንድ ነገር ልል አፌን ብከፍት፣ «ተወው፣ እሱ አይገባውም፤ ይልቅ ወንበር ጨምርልን።» ጨመርኩ። ወንበሩን የሠራሁትም እኔ ነበርኩ። የሥራ ቤታችን ታፔላ ላይ የተጻፈው ስም የእሱ ነው፤ መዶሻ ሲያነሣ አውራ ጣቱን የሚቀጠቅጥ ሰው ስም። ለምን ሲባል፣ ፊርማው ያምራላ።

ሕመሙ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ቀበቶዬ ሰፋኝ፤ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት፣ ከዚያም ሌላ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሆዴ ሲፈልግ ይደርቃል፣ ሲፈልግ ይለቀቃል። ከንፈሬ ነጣ። ሚስቴ «አንተ ሰው፣ ምግቡን ታየዋለህ እንጂ መች ትበላዋለህ» ማለት አበዛች። አብሮኝ የሚሠራው ቀጭኔ ደግሞ (ቁመቱ ከበሩ ጋር ስለማይስማማ ነው ስሙ የወጣለት) «ሼባው፣ የምንልገው እንጨቱን መስሎኝ ነበር፤ አንተ ነህ እንዴ የምትሳሳው?» እያለ ይስቅብኛል። ሳቁ አያስቀይመኝም ነበር። ቀጭኔ የሚስቀው ሰው መሆንህን ረስቶ አይደለም።

ወንድሜን ያማከርኩት ለእሱው መኝታ ቤት ቁምሳጥን ስሠራ ነው። «አንተ ደግሞ ሥራ ሲጠብቅብህ ታመምኩ ትላለህ፤ የድሮ ልማድህ ነው» አለኝና ስለ በሩ እጀታ ማውራቱን ቀጠለ። የእጀታውን ልክ ለካሁለት።

ቁምሳጥኑን ልናቆም በአንድ ጫፍ እኔ፣ በሌላው ቀጭኔ ሆነን ስናነሣ፣ በቀኝ ጎኔ ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ መሮ የተሰካብኝ መሰለኝ። ጫፉን ለቀቅሁት። ቀጭኔ ቁምሳጥኑን በጉልበቱ ደግፎ «ሼባው፣ አሁን ይሄ ቀልድ ነው?» አለ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ዕቃውን መሬት ላይ አስተኝቶ እኔን ተሸከመኝ።

ድንገተኛ ክፍል አስተኙኝ። መጋረጃው እስከ ጫፍ አይዘጋም፣ የአልጋው አንድ ጎማ ተሰብሯል። ሚስቴ በራስጌ ቆመች። ወንድሜ ከቢሮው መጥቶ በግርጌ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ እንቅልፍ የናፈቀው ወጣት ሐኪም ገባ። ሆዴን ጫን አደረገና ድንገት ለቀቀው። ሲጫነኝ ካመመኝ ሲለቀኝ ያመመኝ በለጠ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ የጠበቀውን ያገኘ ይመስላል።

«ሕመሙ መቼ ነው የጀመረዎት፣ አባቴ?»

አፌን ከፈትኩ።

«ትናንት ነው የጀመረው» አለ ወንድሜ ከግርጌ።

ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። ከዚያ በፊት ክብደት ቀንሰው ነበር? የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ሰገራ ላይ ደም? ወንድሜ ምንም እንደሌለብኝ፣ እንደ በሬ ጤነኛ እንደሆንኩ፣ እንጨት ተሸክሜ እንደምውል መለሰለት። እኔ «ዶክተር፣ ይቺ ቀበቶዬ…» ብዬ ስጀምር ወንድሜ በትከሻዬ ላይ እጁን አሳርፎ፣

«እሱ አይገባውም፤ እኔን ጠይቀኝ» አለው።

ሐኪሙ ዞረ። መዞሩን ዛሬም አየዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ትከሻው፤ በመጨረሻ ጀርባውን ሰጠኝ። የታመመው ተኝቷል፣ የሚጠየቀው ቆሟል። ደሜ ማነሱን ሲያነሣ ወንድሜ የአመጋገብ ጉዳይ ነው አለ፤ ምግቡን የምታበስለው ሚስቴ ራስጌዬ ቆማ እየሰማች። እሷም ምላሷን ዋጠች። እኛ ቤት ምላስ ያልዋጠ የለም፣ ከአንዱ በቀር።

ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። በዕድሜዬ እንዴት ሊሆን ቻለ ያለ አልነበረም። ጋሪው ላይ ሲጭኑኝ ቀጭኔ ጎንበስ ብሎ «ሼባው፣ በሕይወትህ ትርፍ ነገር ያገኘኸው ይህቺን አንጀት ብቻ ነበር፤ እሷንም ሊወስዱብህ ነው» አለኝ። እየተሰቃየሁ ሳቅኩ። በሙሉ አፌ የሳቅኩት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ከእኔ ቀድሞ አወቀ፤ እናንተም ከእኔ ቀድማችሁ ዕወቁት። ሐኪሙ ትርፍ አንጀቱን ሲቆርጥ ከሥሩ፣ ትልቁ አንጀት ላይ፣ ጠጣር እብጠት ነካ። ከእሱ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ሆነ። ትርፍ አንጀቱን ያሳበጠው አፉን የደፈነበት ያ እብጠት ነበር። እንደገና ተከፍቼ አንጀቴ በዚያ በኩል በሙሉ መውጣት አለበት፣ ያውም ሳይዘገይ። ይህ ሁሉ በኮሪደር የተነገረው ለወንድሜ ነው። ወንድሜ ለሚስቴ ነገራት፣ ሚስቴ አለቀሰች፣ ቀጭኔ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቀ፣ ተነገረው። ሆዱን የተሸከምኩት እኔ ብቻ ቀረሁ።

ለእኔ የተነገረኝ «አለቀ፣ ወጣ፣ አሁን መብላት ብቻ ነው» የሚል ነው። እኔ ስበላ ያኛውም ይበላ ነበር።

ቤት ገባሁ። መጀመሪያ የተለወጠችው ሚስቴ ናት። «አንተ ሰው» መባሌ ቀረና «ሆዴ» ሆንኩ። ሆዴ ተነሥ፣ ሆዴ ቅመስ፣ ሆዴ ጋቢ ላምጣልህ። በወጣትነታችን እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሥራ ቤት ስመለስ ቀጭኔ ከወንበሩ ብድግ አለና «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ» አለኝ። እርስዎ! ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ እንደሆነ አየሁ። ጣውላ ላነሣ ስል ይቀማኛል። መጋዙን ስይዝ «ይረፉ» ይለኛል። የረባ ነገር ሳልናገር ራሱን ይነቀንቃል፣ ስሳሳት ዝም ይላል። ሳቁ የት እንደገባ ፈልጌ አጣሁት።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ክፉ ነበር። ቤቱን ሊሸጡብኝ ነው አልኩ። ሰው ያለ ነገር አይለሰልስም፤ እኔን ያለሰለሰኝ ሁሉ ቀጥሎ ተቀምጦብኛል። ወንድሜ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ፣ ትራሴን ሲያስተካክል፣ «ጋሼ» ሲለኝ፣ ምን ሊያስፈርመኝ ይሆን እያልኩ እጁን አይ ነበር። ወረቀት ግን አላወጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ከመኪናው አውርዶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ገለጠው።

አዲስ ታፔላ ነው። የእኔ ስም ከላይ፣ በደማቅ ቀለም፣ ፊደሉ ክንድ የሚያህል። የእሱ ስም ከሥር፣ ዓይን የሚያስጠብብ።

ስንት ዓመት በልቤ የጻፍኩት ታፔላ ነው። ሌሊት ተኝቼ ቀለሙን ሳይቀር የመረጥኩለት። አሁን ፊቴ ቆሞ ሳየው ግን ደስ አላለኝም። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ይህ ሰው የራሱን ስም የሚያሳንሰው ለሬሳ ነው። ቀጭኔ መሰላል ላይ ወጥቶ ታፔላውን ሲሰቅል ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት። የመጋዝ ብናኝ ነው አለኝ። ያን ቀን መጋዝ የነካ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ወንበሩን ሠራሁ። ሌላ መጠየቂያ አላወቅኩም። ብጠይቃቸው ይዋሹኛል፤ ሐሰት ተናጋሪን ደግሞ በአፍ አሸንፌ አላውቅም። በእንጨት ግን ማንም ዋሽቶኝ አያውቅም። ሦስቱን እግር አስተካክዬ አራተኛዋን አሳጠርኩ። መጀመሪያ ቀጭኔን ተቀመጥባት አልኩት። ቋ አለች። የድሮው ቀጭኔ ቢሆን «ሼባው፣ ይህቺን ለጠላትህ ነው የሠራሃት?» ብሎ በመስኮት ይወረውራት ነበር። የአሁኑ ቀጭኔ መሬት መሬት እያየ «ወለሉ ነው ጋሼ፤ ወለሉ ነው የማይስተካከለው» አለኝ። ወለሉን ከእኔ ጋር ያፈሰሰው ራሱ ነው። ሚስቴን አስቀመጥኳት፤ ትመቻለች አለች። ወንድሜን አስቀመጥኩት፤ እጅህ የተባረከ ነው አለ።

እኔ እንዲህ ያለ ወንበር ሠርቼ በሰላም ከዋልኩ፣ በቁሜ ተቀብሬያለሁ ማለት ነው።

ጠዋት ለማንም ሳልናገር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙን በትንሿ ክፍሉ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። አወቀኝ፤ ፊቱም ፈካ አለ።

«አባቴ፣ እንኳን መጡ። ሐሳብዎን ለወጡ ማለት ነው?»

«የቱን ሐሳብ?»

«ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና አልፈልግም ብለዋል ብለውን ነበር እኮ።»

«ማን አለ?»

ውኃውን ዘጋ። እጁን በፎጣ ሲያደርቅ ቆየና «ወንድምዎ» አለ።

«ዶክተር፣ እኔ ስለ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሰማሁት አሁን ከእርስዎ አፍ ነው። እስቲ ያለውን ይንገሩኝ። አያስጊጡት።»

ተቀመጠ፣ እኔንም አስቀመጠኝ። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል ሲናገር ዓይኔን አየኝ፤ ይህንን አልነጥቀውም። ሲጀመር ትርፍ አንጀት ነው ብለው የከፈቱኝ በስሕተት እንደነበር፣ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ደሙም ላነሰ ሰው፣ ቆም ብለው ማሰብ እንደነበረባቸው ራሱ አነሣ። «ግን ሕመሙ ከትናንት ወዲህ ነው ስለተባልን…» አለ።

«እኔ አላልኩም።»

«ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል። መልሱን የወሰዱት ግን ከቆመው ነው።»

ፎጣውን አጣጠፈ። ውጤቱ ሲመጣስ ለምን አልጠሩኝም አልኩት። ቤተሰብ «ከሰማ ይሰበራል፣ ቢነገረውም አይገባውም» ሲል፣ እነሱም በቤተሰብ ጉዳይ ላለመግባት ብለው እንደተዉት ነገረኝ። ሆዴ ውስጥ በሁለት እጃቸው ገብተው፣ ቤተሰቤ ውስጥ መግባት ከበዳቸው። ይህንን አልነገርኩትም። አልጋ ይያዝልኝ ብቻ አልኩት። በማግስቱ እንድገባ ቀጠረኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ወንድሜ እንደ ልማዱ ብርቱካኑን ይዞ መጣ። ሚስቴ በሩን ከፍታለት ወደ ጓዳ ገባች። ነገ ሆስፒታል እንደምገባ ነገርኩት።

«ማን ነገረህ?» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

«ሐኪሙ። የሚገርምህ፣ ገባኝ።»

ያቺን ወንበር ስቦ ተቀመጠባት። ቋ አለች። አሁን ሰማት። ክራባቱን ፈታ አደረገና ማልቀስ ጀመረ፤ ክራባት ያሰረ ሰው ሲያለቅስ ለማየት አይመችም።

«አባባን አስቤ ነው፣ ጋሼ። በሽታውን የነገሩት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በዚያው ቀረ። አንተም እንደሱ የምትሆን መሰለኝ።»

«አንተ አክስታችን ጋ ነበርክ። አልጋው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ይህንን ለማንም ነግሬው አላውቅም። «አባባ ፊቱን ያዞረው በሽታውን ስለሰማ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ እሱ የመጨረሻ መሆኑን ስላወቀ ነው። ሊጠይቁት የመጡትን ማየት ጠላ።»

ለምን አልፈልግም ብሏል አልካቸው ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ በርታ እስክትል፣ ትንሽ ደስ እስኪልህ ብዬ ነው አለ። ታፔላውንም ያሠራው ለዚያ ነው።

«ታፔላው ያምራል» አልኩት። «የመቃብር ድንጋይ ይመስላል።»

ሚስቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ዕቃ ጣለች።

በማግስቱ አልጋ ስይዝ ነርሷ ልትጠይቀኝ መጣች። ወንድሜ በግርጌ ቆሟል፣ ቦታው ነው። ነርሷ ሕመሙ መቼ ጀመረህ ስትል አፉ ተከፈተ። አየሁት። እሱም ማየቴን አየ። የተከፈተውን አፍ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው። እኔ ከቀበቶዬ ጀመርኩ። የምስማሩን ቀዳዳ፣ ደረጃውን፣ ድርቀቱን፣ የነጣውን ከንፈሬን፣ አንድ በአንድ። ነርሷ ስትጽፍ እጇ ዛለ። የሠርጉን ወንበር ያልነገርኳት ስላልጠየቀችኝ ብቻ ነው።

ቀደዱኝ፣ ሰፉኝ። በደንብ ስነቃ ሐኪሙ መጣ። ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ነበርና የሐኪሙ ትከሻ እንደ ልማዱ ወደዚያ መዞር ጀመረ። የአልጋውን ብረት በጣቴ አንኳኳሁ። ተመለሰ። ወንድሜ ይቆይ ወይስ ይውጣ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ይውጣ አልኩ። እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንጀቴ ላይ የነበረውን በሙሉ አውጥተዋል። ጉበቴ ላይ ግን ዘሩን ጥሏል፤ እዚያ ያለው በቢላ የሚወጣ አይደለም። መድኃኒት ይሰጡኛል፤ መድኃኒቱ ያዘገየው ይሆናል፣ አያድነኝም።

«ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ይለወጥ ነበር ማለት አልችልም» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «አይለወጥም ነበር ማለትም አልችልም።»

ይህ ስድስተኛ ክፍልም አይፈልግም። ገባኝ። አመሰግናለሁ አልኩት፣ ከልቤ ነው። ሐኪሙ ወጣ፣ በሩ ሳይዘጋ ወንድሜ ገባ። የአልጋዬን ብረት በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ምን አለህ?»

«ተወው» አልኩት። «አይገባህም።»

ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ውስጥ ሳመላልሳት የኖርኩ ቃል ናት። የወጣች ቀን እንደ ማር ትጣፍጠኛለች ብዬ ነበር። ወንድሜ የታች ከንፈሩን ነከሰ፤ ትንሽ ሆኖ አባባ ሞተ የተባለ ቀን እንዲሁ ነበር የነከሰው። አፌ እሬት እሬት አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው ማዞር አማረኝ።

አላዞርኩም።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ልንገርህ። አፍህን ግን እንዳትከፍት።»